የሚነጋገር ቤተ መጻሕፍት በእንጅባራ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ ደረቡልኝ፣ ዳቦ አስቆረሱኝ፤ እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ከዚያ አንድ ለጋ ርዕሰ መምህር ተነሣና ንግግር ጀመረ። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወይዘሮ የሻረግ ዝንብ እንኳ ድምፅ እንዳታሰማ አድርገው የቤተ መጻሕፍትን ጸጥታ ያስከበሩ እናት ናቸው።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ጉልበቴን ጫን ባታደርገው ኖሮ ጋቢውን አውልቄ እመልስለት ነበር። እኔ ነኝ ጸጥታ ያስከበርኩት? ኧረ እኔስ በሥራ ዘመኔ የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ያንን የተረገመ ጸጥታ ማፍረሴ ነው!

በልጁ አልፈርድም፤ ማን ነግሮት ይወቅ። እነዚያን ዓመታት የሚያውቁት ሰዎች አብዛኞቹ የሉም፤ ያሉትም እንደኔው ጉልበታቸውን እያሹ ፀሐይ የሚሞቁ ናቸው። ስለዚህ አፌ ሳይደክም ራሴው ልናገረው ብዬ ተቀመጥሁ።

የተወለድሁት ዳንግላ ነው። አባቴ ከሞጣ የመጣ ልብስ ሰፊ ሲሆን እናቴ የአገው ልጅ ናት። አባቴ ቤት ካለ በአማርኛ ይወራል፤ ወደ ስፌት መኪናው ከሄደ እኔና እናቴ በአገውኛ እንለቀዋለን። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ስፈልግ እዚያው ከተማ አንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ረዳት ተብዬ ተቀጠርሁ። ዘመኑ ሃምሳዎቹ ገና ሲጀምሩ ነው። ደመወዙ ለጫማ እንጂ ለካልሲ አይበቃም ነበር፤ እሱን እንተወው።

አለቃዬ መሪጌታ ሞላልኝ የሚባሉ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ብዙ ዘመን ዜማ አስተምረው ጉልበታቸው ሲደክም ነው ትምህርት ቤቱ መጻሕፍቱን እንዲጠብቁ የቀጠራቸው። እኔም እንደ ተማሪው ሁሉ የኔታ እላቸው ነበር። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠቡና በነጠላቸው ጫፍ ጣት በጣት ያደርቃሉ። ኪሳቸው ቆሎ አያጣም፤ ግን አንዲት ፍሬ ደጃፉን አታልፍም። ከደጅ ባለች ጣሳ ገልብጠውት ይገባሉ፤ ወፍ ሲለቅመው ይውልና ማታ «ዛሬም ተዘረፍሁ» እያሉ ይስቃሉ። ገጽ ለመግለጥ ጣቱን የሚልስ ካዩማ አለቀለት። «ወጥ ነው እንዴ የምትልሰው?» ይሉታል፣ በሰው ፊት።

አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ እንዲሁ አይከፍቱትም። በጀርባው ያቆሙትና መጀመሪያ የፊቱን ሽፋን፣ ቀጥሎ የኋላውን ያስተኛሉ። ከዚያ ከፊት ጥቂት ቅጠል፣ ከኋላ ጥቂት ቅጠል እያሉ፣ በአውራ ጣታቸው የተሰፋበትን ሥሩን እየዳሰሱ መሐል ይደርሳሉ። በአንድ ጊዜ የተከፈተ መጽሐፍ ወገቡ ይሰበራል፤ የተሰበረ ወገብ ደግሞ ቅጠሉን ያረግፋል። ክሩን በሰም ሳያሹ አይሰፉም። የስንዴ ዱቄት ሙጫ ሲያበስሉ ጥቂት ሬት ጠብ ያደርጉበታል፤ አይጧ አንዴ ከቀመሰችው ሁለተኛ አትደርስበትም። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እጄን ይዘው ነው፤ ስህተት ከሠራሁ ምንም አይሉም፣ ክሩን መዝዘው እንደገና ይሰጡኛል። ያ ዝምታቸው ከዱላ ይብስብኝ ነበር።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን መጽሐፍ ሲቀበሉ የሚያደርጉት ነው። ተቀደደ አልተቀደደም ብለው አያገላብጡም። ተማሪውን ዓይን ዓይኑን እያዩ «እህ፣ ምን አለህ?» ይሉታል። መጽሐፉ ምን አለህ ማለታቸው ነው። ልጁ ከተንተባተበ መጽሐፉን እዚያው እጁ ላይ ያስቀምጡለታል። «ገና አልተጨዋወታችሁም፤ ይዘኸው ሂድ።»

ሙያው እጄ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ እንጅባራ ተዛወርሁ። የኔታ ሲሸኙኝ ወስፌያቸውንና ከሰማቸው ግማሹን ሰጡኝ። ቆሎም ጨመሩልኝ።

እንጅባራ ብርዱ አጥንት ይገባል። የደረስሁበት ቤተ መጻሕፍት ግን ከብርዱ የባሰ ነበር። ጠባብና ጨለማ ክፍል ነው፤ መጻሕፍቱ የሽቦ መረብ በተመታበት ቁም ሣጥን ተቆልፈዋል። ተማሪ አይገባም። በግድግዳው ላይ እንደ ሱቅ መስኮት የተከፈተች ቀዳዳ አለች፤ ልጁ እዚያ ቆሞ የመጽሐፉን ስም ይጠራል፣ የመምህሩን ፈቃድ ያሳያል፣ ከዚያም ቢሆን «ነገ ና» ይባላል። የመጀመሪያው ቀን ሣጥኑን ከፍቼ መጻሕፍቱን ሳገላብጥ ጉድ አየሁ። ግማሾቹ ከማተሚያ ቤት እንደ ታጠፉ ናቸው፤ የገጻቸው ጫፍ በቢላ አልተከፈተም። ያ ሁሉ መጽሐፍ ተደርድሮ አንድ ሰው አላነበበውም!

ዳይሬክተሩ አቶ ዳምጠው ይባላሉ። ረጅም፣ ካኪ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከሁሉ ቀድመው የሚገቡ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ የማርቆስ ሰው ይላቸዋል፤ አማርኛቸውም እንደ ደብዳቤ የተስተካከለ ነው። ክፉ ሰው ነበሩ ብዬ አልዋሽም። መጽሐፍ ይወዳሉ፤ ግን አወዳደዳቸው የድግስ ዕቃ አወዳደድ ነው፣ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ሲያብለጨልጭ። «የሻረግ፣ እኔ ከመጣሁ አንድም መጽሐፍ አልጠፋም» ይሉኛል ደረታቸውን ነፍተው። እኔም በልቤ፣ ማን አግኝቶት ይጠፋል፣ እላለሁ።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። በግቢው ውስጥ አገውኛ የተናገረ ልጅ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ይንበረከካል። ያን ጊዜ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ብዙ ቦታ የነበረ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ጉልበቴ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ልጅ ቀዳዳዋ ላይ መጥታ ቆመች። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አበዙ ትባላለች፤ በየቀኑ ከዘንገና በኩል በእግሯ ትመጣለች። «የቱን ፈለግሽ?» አልኋት። ዝም። «የቋንቋ ነው የሳይንስ?» አሁንም ዝም፤ ዓይኗ ብቻ እንባ አቀረረ። ዘወር ዘወር ብዬ ሰው አለመኖሩን አየሁና ዝቅ ባለ ድምፅ በአገውኛ ጠየቅኋት። እቴ! እንደ ተገደበ ውኃ ለቀቀችው። ፊደሉን ታነበዋለች፣ ነገሩ ነው የማይገባት። ክፍል ውስጥ ብትጠይቅ ይስቁባታል። ቤቷ የሚያነብ የለም። «አንድ ሰው እንደገና በእኛ አፍ ቢለው ይገባኝ ነበር» አለችኝ። ያለፈው ዓመት የወደቀችው በዚሁ ነው፤ ዘንድሮም ከወደቀች አባቷ ሊያስቀራት ነው።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እንደ እሷ ያሉ ስንት ልጆች ናቸው? ግማሹ ትምህርት ቤት እኮ ነው! አማርኛ አፋቸውን የፈቱበት የከተማ ልጆች ክፍል ውስጥ ያወራሉ፣ የገጠሮቹ ጥግ ይዘው ይደርቃሉ። ሁለቱም ደግሞ መጽሐፍ የላቸውም፤ መጽሐፉ እኔ ዘንድ ተቆልፏል። በቃ፣ ይህ ክፍል ልጆች ገብተው አብረው የሚያነቡበት፣ ያልገባው የገባውን የሚጠይቅበት ካልሆነ እኔ እዚህ የምሠራው ሥራ የለም አልሁ።

አቶ ዳምጠውን በምን እንደማሸንፋቸው አውቃለሁ። «ጋሼ፣ መጽሐፉ ወደ ቤት ከሚሄድ እዚሁ እኔ ዓይን ሥር ቢነበብ አይሻልም?» አልኋቸው። ይህ ገባቸው። ከጎን ያለውን ባዶ ክፍል ጨመሩልኝ። የአበዙ አባት አቶ ፈንቴ ለካ ቀርከሃ የሚሠሩ ሰው ኖረዋል፤ ልጃቸው ነግራቸው በፈረስ ጭነው መጡ። እንጅባራ እንጨት ቢጠፋ ቀርከሃ አይጠፋም። ክብ ክብ ዝቅ ያሉ ጠረጴዛዎችና በርጩማዎች ሠሩልን፤ ክብ ያልሁት ማንም ከማንም ጀርባ እንዳይቀመጥ ነው። መስኮቱን አሰፋን። የሽቦውን መረብ በገዛ እጄ ነቀልሁት። ውይ ደስታዬ!

የተከፈተ ዕለት ልጆቹን አስገብቼ፣ ለያንዳንዱ መጽሐፍ ሰጥቼ፣ ቆሜ ተናገርሁ። «እዚህ ክፍል መናገር ይፈቀዳል። ድምፃችሁን አትፍሩ። አንብቡ!»

ይህን ሌላ አገር ብናገረው ምንም አይመጣም ነበር። የእኛ ልጆች ግን ሁሉም ከቄስ ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። እዚያ ማንበብ ማለት መጮህ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ትምህርት፣ የጎረቤቱ ድምፅ እንዳይውጠው አብልጦ ይጮሃል። ተፈቀደልን ብለው አንድ ላይ ለቀቁት። አንዱ ሳይንስ፣ አንዱ ታሪክ፣ አንዱ ሒሳብ፣ ራሳቸውን እያወዛወዙ! ጣራው የሚነሣ መሰለኝ። «ኧረ ቀስ!» ብዬ ብጮህ የእኔም ድምፅ ከእነሱ ጋር ተደባለቀ፤ እንዲያውም ያበረታኋቸው መሰላቸው። በዚያ ግርግር መሐል ሁለት ልጆች ያለንን አንድ ትልቅ አትላስ ከወዲያና ከወዲህ ይዘው ይጓተቱ ነበር። የክሩ ድምፅ ጣ! ሲል ሰማሁት። አትላሱ ለሁለት ተከፈለ፤ አፍሪካ ከአንዱ ጋር ቀረች፣ እስያ ከሌላው ጋር።

ቀና ስል አቶ ዳምጠው በሩ ላይ ቆመዋል።

አልጮኹብኝም። ልጆቹ እግሬ አውጪኝ ካሉ በኋላ ሁለቱን ቁራጭ ከመሬት አንሥተው፣ አፈሩን በኮታቸው እጅጌ ጠርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «የሚነጋገር ቤተ መጻሕፍት የት አገር አይተሽ ነው?» አሉኝና በሩን ቆልፈው ሄዱ። ከዚያ ዕለት የበለጠ ያፈርሁበት ቀን የለም። አበዙ ከደጅ ቆማ ነበር፤ አየችኝና ደብተሯን አቅፋ የዘንገናን መንገድ ያዘች። 

ቅዳሜ አትላሱን በነጠላ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ዳንግላ ሄድሁ። የኔታ እጃቸውን ታጥበው ተቀበሉኝ። ፈተው አዩት፤ የሆነውን ስነግራቸው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እኔ ደሜ እየፈላ የኔታ ይስቃሉ?» አልኋቸው።

«ጩኸቱን ከእኛ ወሰድሽ፤ ሥርዓቱን ረሳሽው» አሉኝ። «እኛ ቤት ዝም ብሎ የሚጮህ አለ? ለታናሹ ቃል በቃል እያቀበለ የሚያስቀጽለው ታላቁ ነው። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የሳተ ይታረማል። አንቺ ልጅ፣ ማን ለማን እንደሚያስቀጽል መቼ ነገርሻቸው?»

ከዚያ ወደ አትላሱ ገባን። የድሮውን ክር ስፌት በስፌት መዘዝን፤ የተቀደደውን ሥር በስስ ሸማ ደገፍነው፤ ክሩን በሰም አሽተን ከመሐል ወደ ዳር እየሰፋን ወጣን። በጣም ካጠበቅሁት ወረቀቱን ይቆርጠዋል፣ ካላላሁት ይወዛወዛል፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ክሩን በጣታቸው እየመቱ ድምፁን ያዳምጡ ነበር፣ እንደ መሰንቆ። ሙጫው እስኪደርቅ ከድንጋይ በታች አስተኝተነው አደርን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከፈትነው። አፍሪካና እስያ ታርቀዋል።

ስመለስ ከመኪናው ላይ ሆኜ መንገዱ ዳር ገብስ በወንፈል የሚያጭዱ ገበሬዎች አየሁ። ዛሬ የአንዱን ማሳ ያጭዳሉ፣ ነገ የሌላውን፤ ማንም ማንንም አያዝም፣ ተራው ራሱ ያዛል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። የኔታ ሥርዓት አሉ፤ ሥርዓቱ ይኸው! አጠገቤ የተቀመጠውን ነጋዴ «አገኘሁት!» ብዬ ትከሻውን መታሁት፤ ጤነኛ አልመሰልሁትም፣ ከረጢቱን ወደ ሌላ ጎኑ አዞረ።

አትላሱን ለአቶ ዳምጠው ይዤላቸው ገባሁ። ከፊት ገለጡት፣ ከኋላ ገለጡት፣ ሥሩን ዳሰሱት።  ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጋሼ፣ አንድ ዕድል» አልኋቸው። «እስከ ፋሲካ» አሉ፣ ከመጽሐፉ ሳይነቀሉ። «ጩኸት ከሰማሁ አበቃ።»

አሁን ለየጠረጴዛው የምሰጠው አንድ መጽሐፍ ብቻ ሆነ። አንዱ ያነባል፤ አንዱ የተነበበውን በራሱ አፍ መልሶ ይናገራል፤ ሌሎቹ ይጠይቃሉ። ነገ ተራው ይዞራል፤ ዛሬ ያነበበ ነገ ጠያቂ ነው። የከተማና የገጠር ልጅ አደባልቄ አስቀመጥኋቸው። ከተሜው ፈጥኖ ያነብና ትርጉሙን ሲጠየቅ ይደናቀፋል፤ የገጠሩ ልጅ ስለ ዘርና ስለ ከብት በሚያወራው ገጽ ላይ ያስተምረዋል። ያን ጊዜ መተያየት ጀመሩ። እኔ አልገባም፤ እየዞርሁ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ፤ ሲጨርሱ ብቻ እንደ የኔታ «እህ፣ ምን አላችሁ?» እላለሁ። ስንት ልጅ አፉን ሲፈታ አየሁ! አበዙማ፣ ያቺ ዝምተኛ፣ ጠያቂ ስትሆን ሰው ታስጨንቃለች። «እና ለምን? እና ለምን?» መምህራኑም ቀስ በቀስ ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ከጥሊሊ የመጣ አንድ መምህርም አይቶ ሄዶ እሱም ጠረጴዛ አሠርቻለሁ ብሎ ላከብኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጩኸት አልነበረም። ግን አገውኛ ነበር። መልሶ የሚናገረው ልጅ በቀናው አፍ እንዲናገር ፈቅጃለሁ፤ ያለዚያማ አበዙ ቀዳዳዋ ላይ ያለችኝን ምን አደረግሁት? በልቤ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን አቶ ዳምጠው እንደሚሰሙት አውቃለሁ።

ፋሲካ ሲቃረብ ሰሙት። በመስኮቱ ሲያልፉ ቆመው ሲያዳምጡ አየኋቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ቢሯቸው ጠሩኝ።

«በአገውኛ ነው እኮ የሚነጋገሩት!»

«የተነበበው በአማርኛ ነው ጋሼ። እንዲገባቸው ነው።»

«ነገ ሲስቁባቸው አንቺ ትደርሽላቸዋለሽ? ፈተናው በአገውኛ ይመጣል? ከላይስ ቢሰሙ ለማን ይተርፋል?» ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ቁጣ መስሎኝ ነበር። «በቃ። ክፍሉን ለዕቃ ማከማቻ አደርገዋለሁ። እሑድ ለወላጆች እነግራለሁ። አንቺም ወደ ቀዳዳሽ ተመለሽ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ግቢው ሣር ላይ ተቀመጡ። አቶ ዳምጠው ስለ አጥሩ ተናገሩ፣ ስለ ጣራው ተናገሩ፣ በመጨረሻ ስለ ክፍሉ፤ «ጠረጴዛዎቹ ይነሣሉ» አሉ። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። የሻረግ አፍሽን ያዥ፣ እንጀራሽን አስቢ እላለሁ። አፌ ግን መች ይሰማኛል፤ ቆሜ ተገኘሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ጠረጴዛውን የሠሩት አቶ ፈንቴ እዚህ ተቀምጠዋል። ምን እንደ ተሠራበት ሳያዩት ሊነሣ ነው?»

 አቶ ፈንቴ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አራገፉ። «እውነት ነው» አሉ። «እጄ ያረፈበትን ልየው።» እሳቸው ሲነሡ ሌላውም ተነሣ። አቶ ዳምጠው ሽማግሌ ገፍተው አይመልሱ፤ ዝም ብለው ከኋላ ተከተሉ።

ክፍሉ ገብተን ከወላጆቻቸው ጋር የመጡትን ልጆች አስቀመጥሁና «የዘወትሩን አድርጉ» አልኋቸው። የአበዙ ተራ የማንበብ ነበር። የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው፤ ድምፅዋን ጥርት አድርጋ አነበበች፤ ክብ የሆኑ ጥልቅ ሐይቆች ጥንት እሳተ ገሞራ በፈነዳበት አፍ ላይ ውኃ ተጠራቅሞ የሚሆኑ ናቸው የሚል ነገር። መልሶ የሚናገረው ቢተው የሚባል ልጅ ነው። ዳይሬክተሩን አየ፣ እኔን አየ። ራሴን ነቀነቅሁለት። በአገውኛ ጀመረ። ከኋላዬ ወላጆቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ቋንቋቸውን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው።

አቶ ፈንቴ አቋረጡት። እሳቸውም በአገውኛ ነው። «ቆይ እስቲ፤ ክብ ሐይቅ አለች። የእኛ ዘንገና ነው እንዴ?»

«አዎ አባባ» አለች አበዙ። «እሱን የመሰለ ነው።»

«እዚያ ከብት ሳጠጣ ነው ያረጀሁት። ውኃ እንጂ እሳት አላየሁበትም። ታዲያ እሳቱ ከየት መጥቶ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቢተው ሊያስረዳ ጀመረ፤ መሬት ውስጥ እሳት አለ፣ ድንጋይ ይቀልጣል አለ፤ ከዚያ ቆመ። እንዴት እንደሚወጣ የሚናገርበት ቃል አጣ። አንዱን ሞከረ፣ ተወው። ሌላውን ሞከረ፣ ላብ አሰመጠው። እኔም በልቤ እፈልጋለሁ፤ እኔም አጣሁት። አቶ ፈንቴ እየጠበቁ ነው። አበዙ አንገቷን ደፋች። አለቀልን አልሁ፤ በሁሉ ፊት ይኸው ደረቅን።

ያን ጊዜ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ ቃሉን ተናገረው።

ድስት ሲገነፍል፣ ክዳኑን ገፍቶ ሲወጣ የአገው እናቶች የሚሉት ቃል ነው። ገበያ ላይ የሚለቀም ቃል አይደለም፤ ከእናት ጎን፣ ከምድጃ ዳር ካላደጉ አይታወቅም። ሁላችንም ዘወር አልን። የተናገሩት አቶ ዳምጠው ናቸው።

ቢተው «እሱ ነው! እሱ!» ብሎ ከበርጩማው ዘለለ፤ መሬቱ እንደ ድስት ገነፈለ ብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። አቶ ፈንቴ «እህ! አሁን ገባኝ» አሉ። ማንም ግን ልጁን አይሰማም፤ ዓይኑ ሁሉ በሩ ላይ ነው። አቶ ዳምጠው የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል፤ ለራሳቸውም ከአፋቸው የወጣውን ያመኑ አይመስሉም። አቶ ፈንቴ ቀረብ ብለው፣ እንደ አገሩ ወግ፣ በአገውኛ ጠየቋቸው። «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?»

አቶ ዳምጠው የአባታቸውን ስም ጠሩ፤ ከአዘና ወዲያ ያለ አገር ጠሩ። አገውኛቸው እንደ ዛገ መቆለፊያ እየተንቀራፈፈ ነበር የሚወጣው። በልጅነታቸው ማርቆስ ከተማ አጎታቸው ዘንድ ተልከው ተምረዋል። «በዚህ አፌ ተገርፌበታለሁ» አሉ ወደ አማርኛ ተመልሰው። «ክፍል ሙሉ ስቆብኛል። እነዚህ እንዳይሳቅባቸው ብዬ ነበር እኮ...» ጨርሰው አልተናገሩትም። ኮታቸውን ወደ ታች እየሳቡ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አቶ ፈንቴ ሄደው ትከሻቸውን ይዘው ሳሟቸው፣ ግራ ቀኝ፣ ደጋግመው። አንዷ እናት እልል አለች፤ ከዚያማ ማን ያቁም!

ሰኞ ጠዋት ተማሪው ሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰለፈ። ወሬው ቀድሞ ደርሷል፤ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። እኔ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር፤ ሰው ከስሜቱ ሲበርድ ይለወጣል፣ ያስፈራል። አቶ ዳምጠው ኮታቸውን እንደ ወትሮው ተኩሰው ወጡ። «ከዛሬ ጀምሮ» አሉ በዚያ በተስተካከለ አማርኛቸው፣ «በመጻሕፍቱ ክፍል ልጅ ሁሉ በገባው አፍ ይነጋገራል። እዚህ ቦታ በአፉ ምክንያት የሚንበረከክ የለም። በዚህ ጉዳይ የምጽፈው ደብዳቤ የለኝም፤ የምናገረው ግን ይኸው ነው።» ከዚያ ያንኑ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአገውኛ ደገሙት።

 ቀጥሎ የተነሣውን ጩኸት እንዴት ልንገራችሁ! የገጠር ልጆች ይዘላሉ፣ የከተማዎቹም አብረው ይዘላሉ፤ አበዙ ፊቷን በደብተሯ ሸፍና ትስቃለች። እኔ ቆሜ አለቀስሁ፤ አላፍርም፣ ዛሬም ሳወራው ያስለቅሰኛል።

ደወሉ ተደወለ። ወደየክፍሉ የሄደ ግን አልነበረም፤ ያ ሁሉ ልጅ እየተጋፋ ወደ እኔ ክፍል ሮጠ። አቶ ዳምጠውም ተመለሱ ብለው አልተጣሩም፤ ቢሯቸው ገብተው የራሳቸውን ወንበር ተሸክመው መጡ።